ዳፍንት ነው ብዬ ነበር

ከእስቴ ወደ ንፋስ መውጫ ስዛወር ሠላሳ ዓመት ሞልቶኝ ነበር። የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ በአንዲት ጠባብ መስኮት በኩል ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት መስጠትና «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ከምግብ በኋላ» ማለት ነው። በሥራ ቀን ሰው አይጠፋም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን በከተማው ውስጥ የምጠይቀው ዘመድ፣ የሚጠይቀኝም ወዳጅ አልነበረኝም። ልብሴን አጥቤ አሰጣለሁ፤ ነፋሱ ከገመዱ አውርዶ አፈር ላይ ይጥለዋል፤ መልሼ አጥባለሁ። ቅዳሜዬ በዚህ ያልቅ ነበር።

አንድ ቀን በዚያች መስኮት አንዲት መምህርት ብቅ አለች። በእጇ የመድኃኒት ማዘዣ አልያዘችም። በምታስተምርበት ትምህርት ቤት ከገጠር መጥተው፣ ከእናት ከአባታቸው ርቀው፣ በዘመድ ቤት ወይም በኪራይ የሚኖሩ ሴት ልጆች አሉ። ከከተማው ሠራተኛ ሴቶች መካከል ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ታላቅ እህት እየፈለገችላቸው ነበር።

«ምን እንዳደርግላት ነው?» አልኳት።

«ምንም። በሳምንት ሁለት ሰዓት አብረሻት ትሆኛለሽ። ታዋሪያታለሽ፣ ትሰሚያታለሽ። በቃ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እመጣለሁ ባልሽበት ቀን ግን እንዳትቀሪ። የማትችይውንም ቃል እንዳትገቢላት» አለችኝ።

ቀላል መሰለኝ። እሺ አልኩ።

የደረሰችኝ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ስድስተኛ ክፍል ናት። ቤተሰቦቿ ከአርብ ገበያ ወደ ታች ግማሽ ቀን በእግር የሚያስኬድ ቀበሌ ውስጥ የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። እዚያ ያለው ትምህርት ቤት ከአራተኛ ክፍል ስለማያልፍ አባቷ ንፋስ መውጫ ገበያ ላይ በርበሬና ሽሮ ለምትሸጠው እህታቸው ሰጧት። መጀመሪያ ያየኋት በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። መስኮቱ ሥር፣ ብርሃኑ በደንብ ከሚያርፍበት ቦታ ተቀምጣለች። በሩን ከፍቼ ስገባ ቀና አለች፤ ወዲያው ግን አላየችኝም። አንገቷን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙራ ነው ያገኘችኝ። ዓይን አፋር ናት ብዬ አለፍኩት።

«አንቱ ሐኪም ነዎት?» አለችኝ።

«አይደለሁም። መድኃኒት ነው የምሰጠው።»

«መርፌስ ይወጋሉ?»

«አልወጋም።»

«እንግዲያው ይቀመጡ» አለችና አግዳሚው ላይ ጠጋ አለችልኝ።

አንቱ እንዳትለኝ ነገርኳት። ታላቅ እህትሽ ነኝ፣ አንቺ በይኝ አልኳት። «በእኛ አገር ታላቅ እህትም አንቱ ናት» ብላ ተከራከረችኝ። አራት ቅዳሜ ፈጅቶባታል። በአምስተኛው ሳምንት ግን ገና ከበሩ ስገባ «እትዬ፣ ዛሬ ቆየሽ» አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ ወደ አንቱታ አልተመለሰችም። የዚያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ ደስ ብሎኝ ለብቻዬ እስቅ ነበር።

ሌሎቹ ልጆች ስታድጊ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ ሲባሉ ዶክተር፣ አውሮፕላን አብራሪ ይላሉ። የእኔዋ ራፖር ጸሐፊ ነበር መሆን የምትፈልገው፤ ፍርድ ቤት ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግተው ለባለጉዳይ ማመልከቻ ከሚጽፉት ሰዎች አንዷ። አንድ ጊዜ አባቷ በመሬት ድንበር ተካሰው አብራቸው ሄዳ ነበር።

«አባቴ ‹ድንበሬን ገፋብኝ› ብቻ ነው ያሉት» ብላ አጫወተችኝ። «ሰውዬው ግን ገጹን ሙሉ ጻፈ። ሲያነብላቸው እንባቸው መጣ። ‹ይህን ሁሉ ያልኩት እኔ ነኝ?› አሉ።»

ስለዚህ ቅዳሜያችን በማመልከቻ ሞላ። የአክስቷን ዶሮ ወክላ በጎረቤት ድመት ላይ ክስ መሠረተች። ልብሴን ስለሚጥለው ነፋስ እኔን ወክላ አቤቱታ ጻፈች፤ «አመልካች በየሳምንቱ ለሚደርስባት ድካም ተጠያቂ የሚሆን አካል እንዲቀርብልኝ» የሚል ነበረበት። ጽሕፈቷ የሚያምር ነው። ፊደሎቿ ጉልህ፣ ክፍተታቸው እኩል። አጎንብሳ፣ አፍንጫዋ ደብተሩን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግታ ትጽፍና ጮክ ብላ ታነብልኛለች። ፊርማዬን አስፈርማኝ ትስቃለች።

በሦስተኛው ወር ገደማ፣ አንድ ቅዳሜ ጨዋታው ጥሞን አመሸን። ፀሐይ ገብታለች፤ መንገዱ ግን ገና ወለል ብሎ ይታየኛል። ከግቢው እንደወጣን የቀሚሴን እጅጌ ጨምድዳ ያዘች። ብርድ ነው ብዬ አቀፍኳት። ጥቂት እንደሄድን ግን ፊት ለፊቷ የተከፈተ የውሃ መውረጃ ቦይ ውስጥ ዘው ብላ ገባች። ጉልበቷ ተላጠ። አላለቀሰችም። አፈሩን እያራገፈች፣

«እዚህ ጋ ቦይ መኖሩን ረስቼው ነው» አለች።

«አይታይሽም?»

«አሁን እኮ መሽቷል።»

«ለእኔ ይታየኛል» አልኳት።

ጉልበቷን እየጠረገች፣ «እኔ ሲመሽ ሰው ሁሉ የማያይ ይመስለኝ ነበር። ትልልቅ ሰዎች መንገዱን በቃላቸው ስለሚያውቁት የሚሄዱ ይመስለኝ ነበር» አለችኝ።

እጇን ይዤ አክስቷ ቤት አደረስኳት። አክስቷ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ፣ ቀኑን ሙሉ ገበያ ላይ ቆማ የምትውል ሴት ናት። ነገሩን ስነግራት ክንዷን አጣጥፋ ቆማ ሰማችኝና፣ «አመሻሽ ላይ እጇ አያርፍም፤ ብርጭቆ አልተረፈኝም። ስንፍና መስሎኝ ስቆጣት ነው የከረምኩት» አለች፤ ተጸጸተች።

«ስንፍና አይደለም፤ ዳፍንት ነው» አልኳት። ፍርጥም ብዬ ነበር የተናገርኩት። ሲመሽ ማየት የሚከለክለውን በሽታ ተምሬዋለሁ፤ መድኃኒቱም መደርደሪያዬ ላይ አለ። ሰኞ ጠዋት የሥራ ባልደረባዬ የሆነውን ሐኪም አናግሬ ቫይታሚን ኤ አሳዘዝኩላት። ጎመን፣ ካሮት፣ በፍስክ ቀን ጉበት እንድትበላ ለአክስቷ ነገርኳት። አክስቷም ከዚያች ከምትሸጣት በርበሬ ላይ ቆጥባ ጉበት ስታበላት ከረመች።

በየቅዳሜው እጠይቃታለሁ። «እንዴት ነሽ?» «እየተሻለኝ ነው።» «ማታስ?» «ማታም እያየሁ ነው።» ለመምህርቷ ነገርኳት፤ ለባልደረቦቼም አወራሁ። በመስኮቱ ስሰጥ ከኖርኩት መድኃኒት ሁሉ ውጤቱን በዓይኔ ያየሁት የመጀመሪያው መሰለኝ።

አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ሳልነግራቸው ወደ አክስቷ ቤት ጎራ አልኩ። ደንገዝገዝ ብሏል። አክስቷ በርጩማ አምጥታ እንድቀመጥ ከበሩ አጠገብ አስቀመጠችልኝ። ልጅቷ ከጓዳ ሳህን ይዛ እየወጣች ነበር። በርጩማው በወትሮው ቦታው አልነበረምና ተደነቃቀፈችበት፤ እሷም ሳህኑም ወለሉ ላይ ተዘረጉ።

አነሣኋት።

«ተሽሎኛል ብለሽኝ አልነበር?» አልኳት።

«እንዲሻለኝ በጣም ስለፈለግሽ ነው፣ እትዬ።»

የተሰበረውን ለቃቅመን ስንጨርስ አጠገቤ አስቀመጥኳት። «ከዛሬ ጀምሮ አንዳችን ሌላውን ደስ ለማሰኘት ብለን አንዋሽም። አንቺም፣ እኔም» አልኳት። መዳፏን ዘረጋች፤ እጅ ተመታታን። «ቃል?» አለችኝ። «ቃል» አልኳት። መምህርቷ አትግቢ ያለችኝ ዓይነት ቃል አልመሰለኝም። ይህን የማልችል አልመሰለኝም።

ፋሲካ እንዳለፈ ለዓይን ሐኪም ለማሳየት ባሕር ዳር ሄድን። አባቷ ከአገራቸው ወጥተው ከእኛ ጋር ተሳፈሩ። ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። በመንገድ ሁሉ የልጃቸውን ቦርሳ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሄዱ። ሐኪሙ ጋ ተራችን ከሰዓት በኋላ ስለነበር እስከዚያ ድረስ ጣናን ላሳያቸው ይዣቸው ወረድኩ።

አባቷ ውሃውን ሲያዩ አማተቡ። «ይሄ ሁሉ!» አሉ። ልጅቷ ዳር ላይ ቆማ አንገቷን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ቀስ እያለች አዞረችው፤ ተመለሰች፤ እንደገና አዞረችው። ማሳ በገመድ እንደሚለካ ሰው ትንሽ ትንሽ እየወሰደች ነበር የምታየው።

«አየሽው?» አልኳት።

«ገና አልጨረስኩም» አለች።

ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ዳፍንት በቀን እንዲህ አያደርግም።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ጠብታ ጨመረላት፣ በመሣሪያ ለረጅም ጊዜ አያት፣ መብራት ከጎን እያመጣ መቼ እንደሚታያት ጠየቃት። ከዚያ ውጭ እንድትጠብቀን ነግሯት እኔንና አባቷን አስቀመጠን።

በዓይኗ ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን እየሞተ መሆኑን ነገረን። አብሯት የተወለደ ነው፤ ከዳር ጀምሮ ወደ መሐል እየጠበበ ይሄዳል።

«መድኃኒት አለው?» አልኩ።

«የለውም።»

«ቀዶ ሕክምናስ? መነጽርስ?»

ራሱን ነቀነቀ። «ለሰው አንድ አይደለም፤ አንዳንዱ ብዙ ዓመት ይቆያል። የእሷ ግን ፈጥኗል» አለ።

ስለሰጠኋት ቫይታሚን ጠየቅኩት። «አልጎዳትም። አልጠቀማትምም» አለኝ። ባለሙያ ለባለሙያ እንደሚናገር፣ ሳይወቅሰኝ። ግኝቱን በእንግሊዝኛ ጽፎ ወረቀቱን ለአባቷ ሰጣቸው። አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

ኮሪደሩ ላይ አባቷ ክንዴን ይዘው አቆሙኝ። «እህቴ፣ በእመቤቴ ይዤሻለሁ፤ ለልጅቱ እንዳትነግሪያት።»

«ማወቅ አለባት፣ አባቷ።»

«አውቃ ምን ታደርገዋለች? ዛሬ ከነገርሻት ዛሬውኑ ነው የምትታወረው። ልጅነቷን እንኳ ትጨርስ። ጠበል አለ፤ እግዚአብሔርም አለ።» እንባቸው ፂማቸው ላይ ይወርዳል። ሰው ሲያልፍ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ።

እሺ አላልኳቸውም። እምቢም አላልኳቸውም። ሚኒባሱ ውስጥ እሷ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ መሐል፣ አባቷ ከእኔ ቀጥለው ተቀመጥን። ወረታን እንዳለፍን ጆሮዬ ላይ ተጠግታ፣ «ምን አለ?» አለችኝ።

የአባቷ ክርን ጎኔን ነካው።

«ክትትል ያስፈልጋታል አለ» አልኳት።

«ይድናል?»

«ክትትል ያስፈልጋል» አልኩ እንደገና። ትከሻዬ ላይ ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እስከ ደብረ ታቦር ተኛች።

ከዚያ በኋላ የመጡትን ቅዳሜዎች ሳስብ ያሳፍረኛል። እሷ ወንበሯን ይበልጥ ወደ መስኮቱ ታስጠጋለች። ፊደሎቿን እያተለቀች መጣች፤ በአንድ ገጽ ሃያ መስመር ትጽፍ የነበረችው ልጅ አሥር መጻፍ ጀመረች። «ጽሕፈቴ ተበላሸ እንዴ?» ብላ ስትጠይቀኝ «ኧረ ጎበዝ ነሽ፤ ትንሽ ተለማመጂ» እላለሁ። ሌላ ሌላ ወረቀት አመጣላታለሁ። መጻሕፍቱን እኔ ላንብብልሽ ማለት ጀመርኩ፤ ድምፄን ማሰማት ስለምወድ ነው አልኳት። አመነችኝ። በክረምቱ ትምህርት ሲዘጋ አባቷ ወስደው ፍልሰታን ጠበል አስጠመቋት። እኔም እዚህ ሆኜ ጾምኩላት፤ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። መስከረም ላይ ስትመለስ ከስታ፣ በእጇ ግድግዳ እየዳበሰች ነበር የምትገባው። ያን ጊዜም አልነገርኳትም። በሚቀጥለው ቅዳሜ እነግራታለሁ እላለሁ፤ ቅዳሜው ይመጣል፤ ትስቃለች፤ አስቀር ይሆናል ብዬ የምፈራው ያንን ሳቅ ነበር።

ኅዳር ላይ ትምህርት ቤቱ የልደት ወረቀት ጠየቃት። ልጅቷ አክስቷ ወረቀት የምታስቀምጥበትን ከረጢት ስትፈትሽ፣ አባቷ ምንነቱን ሳይናገሩ እዚያ የተዉትን የሐኪሙን ጽሑፍ አገኘችው። እንግሊዝኛው አልገባትም። ነገር ግን ዝም ብላ አልመለሰችውም። ፊደል በፊደል፣ በትልልቁ፣ ደብተሯ ላይ ገልብጣ ስልክ ላለው የጎረቤት ተማሪ ወሰደችለት፤ እሱም አስተርጉሞ አነበበላት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሥራ ቦታዬ መጣች። ወረፋ ጠብቃ ነው የመጣችው፤ ከፊቷ አራት ሰው ነበር፤ እኔ አላየኋትም። ተራዋ ሲደርስ ከደብተሯ የቀደደችውን ገጽ በመስኮቱ አስገባችልኝ።

«ይህን ያውቁ ኖሯል?» አለችኝ።

ገጹን ከማንበቤ በፊት «ያውቁ» ያለችኝን ሰማሁ። ከዓመት በላይ ከአፏ ያልሰማሁት አንቱታ ነው።

«አዎ» አልኩ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከባሕር ዳር።»

በጣቶቿ ቆጠረች። «ሰባት ወር» አለች።

«አባትሽ ናቸው እንዳልነግርሽ...»

«አባቴ ቃል አልገቡልኝም።»

ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ በምርኩዛቸው ወለሉን መታ መታ አድርገው፣ «ልጄ፣ ከጨረስሽ» አሉ።

«ጨርሻለሁ፣ አባባ» አለችና ቦታውን ለቀቀችላቸው። ልከተላት ከወንበሬ ተነሣሁ። በሩ በስተጀርባ ነው፤ እስክዞር ድረስ የማዘዣ ወረቀት የያዙ እጆች በመስኮቱ ገብተዋል። ተቀመጥኩ። ለሽማግሌው የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ቆጥሬ ሰጠሁና ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ አልኳቸው።

ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ጠበቅኳት፤ አልመጣችም። በቀጣዩም፣ ከዚያም በኋላ ባለው ጠበቅኳት። በአራተኛው ቅዳሜ አክስቷ ቤት ሄድኩ። አባቷ መጥተው ወስደዋታል። ክፍል ውስጥ ሰሌዳው አልታይ ስላላት ራሷ ናት መጥተው እንዲወስዷት መልእክት የላከችባቸው። አክስቷ ሽሮ እየነፋች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ፣ «ሁላችሁም ስታውቁ እኔ ጉበት ሳበላ ነበር» አለችኝ።

የዓመት ፈቃድ ጠይቄ ዓርብ ጠዋት ወደ አርብ ገበያ ተሳፈርኩ። ገበያ ስለሆነ አባቷ እንደሚወጡ አውቃለሁ። ከአህያው ተራ ጀምሬ ስጠይቅ ስጠይቅ ከእህል ተራው ጫፍ አገኘኋቸው። ሽንብራ ይዘው መጥተዋል። እሷ ጆንያው ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ነጠላ እስከ ግንባሯ ድረስ አጣፍታለች። አባቷ ሲያዩኝ ተነሥተው ጨበጡኝና ጨው ልግዛ ብለው ሄዱልን።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ድምፄን ስትሰማ ወደ እኔ ዞረች።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አልኳት።

«ተቆጥቼ ነበር። አሁን አልተቆጣሁም» አለች።

«ዋሽቼሻለሁ።»

«ዋሽተውኛል።» እንደ ሽማግሌ ቃሉን ተቀብላ ደገመችው። ሽንብራውን በመዳፏ እያፈሰች መልሳ ታፈስሰዋለች። «ቢነግሩኝ ኖሮ ያን ሁሉ ቅዳሜ ደብተር ላይ አልደፋም ነበር። አገሬ ሄጄ እናቴን አያቸው ነበር። ክረምቱንም ጠበል ነው የከረምኩት።»

«አሁንስ አይታዩሽም?»

«ይታዩኛል። ግን ዓይናቸውን ሳይ አፋቸው የለም። አፋቸውን ሳይ ዓይናቸው የለም።»

እጇን ያዝኩት። አልነጠቀችኝም፤ አልጨበጠችኝምም። ከይቅርታው ሌላ ይዤላት የመጣሁት ነገር ነበርና እሱን ነገርኳት። ማየት የተሳናቸው ልጆች በጣት እየዳሰሱ ማንበብና መጻፍ የሚማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ፈልጌ አግኝቻለሁ። ሩቅ ነው፤ በመኪና ሁለት ቀን ያስኬዳል። ከጥምቀት በኋላ አንድ ቦታ እንዳላቸው በስልክ ነግረውኛል።

«በጣት ይጻፋል?» አለች።

«ይጻፋል። ወረቀቱን በሹል ነገር እየወጉ ነው። ራስሽ የጻፍሽውን ራስሽ ታነቢዋለሽ።»

ሽንብራውን ማፈስ ተወች። አባቷ ሲመለሱ ቀድማ የነገረቻቸው እሷ ናት።

አባቷ የገዙትን ጨው አስቀምጠው አጠገባችን ተቀመጡ። «ወንድ ብትሆን ኖሮ ቤተ ልሔም፣ የዜማው ትምህርት ቤት፣ ወስጄ ለመምህራኑ እሰጣት ነበር» አሉ። «እዚያ ዓይነ ስውር ሆነው በቃላቸው ዜማውን ሁሉ የያዙ ሊቅ አውቃለሁ። ለሴት ልጅ ግን የት ይኬዳል እያልኩ ነው እንቅልፍ ያጣሁት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ውቂያው ይለቅና እኔው ራሴ አደርሳታለሁ። አንቺም አብረሽን ትሄጃለሽ» አሉኝ።

ቀን ቆረጥን። ከጥምቀት በኋላ ባለው ሰኞ ንፋስ መውጫ ሊመጡ፣ ማክሰኞ ልንሳፈር። ብርድ ልብስና ሁለት ቀሚስ አዘጋጀሁላት።

ጥምቀት ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወደ ታች ጋይንት፣ ወደ አርብ ገበያ በሚወስደው መንገድ በኩል ተኩስ ተሰማ። መንገዱ ተዘጋ። ሚኒባሶቹ መናኸሪያው ውስጥ ተደርድረው ቆሙ። ስልክ ጠፋ። ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። ያ ሰኞ መጣ፤ ከቤቴ ደጃፍ ተቀምጬ ዋልኩ። እንደማይመጡ አውቅ ነበር፤ ግን ሌላ ቦታ መሄድ አልቻልኩም። የተባለው ማክሰኞ አለፈ፤ ወሩ አለፈ፤ ሁዳዴ ገባ። የት እንዳሉ፣ ደኅና ይሁኑ አይሁኑ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኩል በእግር የመጣ በሽተኛ መስኮቴ ጋ ሲደርስ የቀበሌያቸውን ስም ጠርቼ እጠይቃለሁ። «እኛ በሌላ በኩል ነን» ይሉኛል።

ስልክ ሲመለስ መጀመሪያ የደወልኩት ለአዳሪ ትምህርት ቤቱ ነው። ቦታውን ለሌላ ልጅ ሰጥተውታል። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ጠብቀውን ነበር። አመሰግናለሁ ብዬ ዘጋሁ።

መምህርቷ በዚያ ሰሞን መጣች። ከትምህርት ቤቱ ከቀሩት ልጆች አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ታላቅ እህት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። አልችልም አልኳት። «ጥፋትሽ እኮ አይደለም፤ መንገድ አንቺ አልዘጋሽ» አለችኝ። ስለ መንገዱ እንዳልሆነ ላስረዳት ሞክሬ ተውኩት። ልጅቷን ለሌላ ሰው ሰጠቻት። እምቢ በማለቴ አልኮራበትም፤ ግን እሺ የምልበት ጉልበት ከየት እንደሚመጣ አላውቅም።

የእኔዋ ልጅ አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። መንገዱ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ሦስት ሳምንት ይዘጋል። ሁለት ጊዜ ለመሄድ ተነሥቼ ሁለቱንም ከመንገድ ተመልሻለሁ። አርብ ገበያ ላይ ሱቅ ያለው አንድ ሰው አባቷን ያውቃቸዋል፤ ስልክ ሲሠራና ለገበያ አብራቸው ስትወጣ በእሱ ስልክ ትደውልልኛለች። አሁንም አንቱ ነው የምትለኝ። ባለፈው ዓርብ ደውላ ነበር።

«እንዴት ነሽ?» አልኳት።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እናቴም ደኅና ናቸው። ፍየሏ መንታ ወለደች።»

«ዓይንሽስ?»

«ቀን ቀን ብርሃኑ አለ። በሩ የት እንዳለ አውቃለሁ። ሰው አልለይም።» ድምጿ የጎለመሰ ሴት ድምፅ ሆኗል። «የዚያ ትምህርት ቤት ነገርስ?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ሳመልጠው ቆይቻለሁ፤ ያን ቀን ግን ነገርኳት። «ቦታሽን ለሌላ ልጅ ሰጡት። ከቆየ ሰነበተ።»

የገበያው ጫጫታ፣ የአህያ ድምፅ ይሰማኛል። የጠፋች መስሎኝ «አለሽ?» አልኳት።

«አለሁ። የተሰጣት ልጅም አታይም?»

«አታይም።»

«ይሁን እንግዲህ» አለች። ከዚያም፣ «እንደገና ይጠይቁልኝ» አለችኝ።

«እጠይቃለሁ። ይገኛል ግን አልልሽም።»

«እሺ።»

«መንገዱም...»

«መንገዱ መቼ ይከፈታል ይባላል እዚያ?»

«አላውቅም» አልኳት።

ባለ ሱቁ ስልኩን ፈልጎት ሲጠራት ሰማሁ። ደኅና ይሁኑ ብላኝ ዘጋች። ሰኞ ጠዋት ለአዳሪ ትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ በደንብ ታነብና ትጽፍ እንደነበር ዘረዘርኩ። እስካሁን መልስ አልመጣም።